«ሪክሪኤሽን» ወይስ ጨዋታ? ስለ መዝናናት የምንናገርባቸው ቃላት ሲመረመሩ፦ ከቆቦና ከራያ ቆላ አንጻር

መግቢያ

በወጣቶች ትምህርታችን ስለ መዝናናት ሲነሣ ንግግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ሪክሪኤሽን» ይባልና ቃሉ ለሁለት ይከፈላል፤ «ሪ» እንደ ገና፣ «ክሪኤሽን» ደግሞ ፍጥረት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ከዚያም ነገሩ በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ከመሆን ጋር ይያያዝና ለኳሱም ለሽርሽሩም ሥነ መለኮታዊ ፈቃድ የተገኘ ይመስላል። በሌላ ቀን ሌላ አስተማሪ «አሙዝመንት» የሚለውን ቃል ያነሣል። «አ» አፍራሽ ነው፣ «ሙዝ» ማሰብ ነው፣ እንግዲያው ቃሉ «አለማሰብ» ማለት ነው ይልና ያወግዘዋል። አንዱ ቃል ያጸድቃል፣ ሌላው ይኰንናል፤ ሁለቱም ጊዜ ግን የፈረደው የባዕድ ቋንቋ ሥርወ ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው አካሄድ ሁለት ጊዜ ይስታል ይላል። አንደኛ፣ ቃላት ትርጉም የሚያገኙበትን መንገድ ይስታል። ሁለተኛ፣ የእኛ ጭንቀት ያለበትን ቦታ ይስታል፤ ጭንቀታችን ያለው በእንግሊዝኛው ቃል ሳይሆን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ በሚገኘው «ዘፈን» በሚለው በራሳችን ቃል ላይ ነው። ለምርመራው ቆቦንና የራያ ቆላን የመረጥነው ጥያቄው በዚያ በየዓመቱ በነሐሴ ወር ከበሮ ይዞ ከደጃፍ ስለሚቆም ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክ

«ሪክሪኤሽን» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከፈረንሳይኛ ነው፤ የላቲን ምንጩም ማደስን፣ ማበርታትን ያመለክታል። መጀመሪያ የተነገረው በምግብ ስለ መበርታትና ከሕመም ስለ ማገገም ነበር፤ ስለ ጨዋታ መነገር የጀመረው ቆይቶ ነው። ስለዚህ «እንደ ገና» እና «መፍጠር» በቃሉ ሥር የሉም አንልም። ነገር ግን ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ በቃሉ የሚናገረው ስለ ፍጥረት አይደለም። በእኛም ቋንቋ «ደብተራ» በግእዝ ድንኳን ነው፤ ደብተራውን ሲያይ «ድንኳን መጣ» የሚል ግን የለም። «አሙዝመንት» ላይ የሚሰጠው ትንታኔ ደግሞ ከሥሩ ስሕተት ነው። ፊተኛው «አ» የግሪክ አፍራሽ ቅጥያ አይደለም፤ ቃሉ የተወረሰው ከፈረንሳይኛ ሲሆን በጥንት አገባቡ የሰውን ልብ ወስዶ ማፍዘዝን፣ ማዘናጋትን ይገልጥ ነበር።

ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ሥነ ፍቺ» በተባለው ሥራው ሥነ መለኮትን በቃላት ሥር ላይ መገንባት እንደማይቻል አሳይቷል። ዲ. ኤ. ካርሰንም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የትርጓሜ ስሕተቶች መጽሐፉ ይህንኑ ከመጀመሪያዎቹ ስሕተቶች ተርታ አስቀምጦታል። ተማሪዎቻችን ሁለቱን ለፈተና ያነቧቸዋል፤ ግሪኩንና ዕብራይስጡን ሲተረጕሙም ይጠነቀቃሉ። ጥንቃቄው የሚላላው ወደ መድረክ ወጥተው እንግሊዝኛ ሲጠቅሱ ነው።

ቃሉ ደግሞ ንጹሕ መሣሪያ ሆኖ አልመጣልንም፤ የራሱ የቤተ ክርስቲያን ጠብ ታሪክ አለው። በ1618 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ጄምስ፣ በስሙ የሚጠራው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ባለቤት፣ ሕዝቡ ከእሑድ አምልኮ በኋላ እንዲጨፍር፣ ቀስት እንዲወረውርና እንዲዘል የሚፈቅድ ዐዋጅ አወጣ፤ እነዚህንም «የተፈቀደ ሪክሪኤሽን» አላቸው። ፒዩሪታኖች ተቃወሙት። ልጁ ቻርልስ በ1633 ዐዋጁን ደገመው፤ በ1643 ደግሞ ፓርላማው በአደባባይ እንዲቃጠል አዘዘ። በዚያው አሥርት ዓመት የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በምዕራፍ 21 በጌታ ቀን ሰው ሊከለከልባቸው ከሚገቡ ነገሮች መካከል ይህንኑ ቃል በስሙ ይጠራዋል። አንድ ቃል በንጉሡ እጅ ፈቃድ፣ በጉባኤው እጅ ክልከላ ሆነ። እንግሊዞች ራሳቸው በቃሉ አልተስማሙም፤ እኛም የእነርሱን ክርክር ሳናውቅ ቃሉን እንደ ዳኛ ማስቀመጣችን አግባብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቃሉ በዛሬ አጠቃቀሙ ጊዜን ለሁለት ይከፍላል፤ የሥራ ሰዓትና ከሥራ ውጭ የሆነ ሰዓት። ይህ ለፋብሪካና ለቢሮ ኑሮ የተሰፋ ልብስ ነው። በጎሊና ወይም በሆርማት ወንዝ ዳር ማሽላ ለሚያርስ ሰው ግን ዓመቱ እንዲህ አይቈረጥም። በደቦ ሲታረም ዜማው ሥራው ውስጥ ነው። እሸት ሲያፈራ በማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ የሚያባርረው ልጅ እየሠራ ነው ወይስ እየተጫወተ? ብንጠይቀው ጥያቄያችን ራሱ ይገርመዋል።

መዝናኛ፣ ትርፍ ጊዜ፣ ጨዋታ

ወደ አማርኛችን እንመለስ። «መዝናናት» ከ«ዘና ማለት» ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ የተወጠረ አካልና ልብ ሲላላ ያመለክታል። በዚህ ውስጥ ነውር የለም። «መዝናኛ» ግን በጊዜ ብዛት የድርጊት ስም መሆኑ ቀርቶ የቤት ስም ሆኗል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የተከፈተው መዝናኛ ክበብ ቢራ የሚሸጥበት፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ዳማ የሚጫወቱበት ቤት ነበር። ያ ዘመን የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች የተዘጉበት፣ በስብሰባ መፈክር አናሰማም ያሉ አማኞች የታሰሩበት ዘመን ነው። አባቶቻችን መዝናኛን የሸሹት ለቢራው ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ የቀበሌው ቤት ነበረና። ዛሬም በአውራ ጎዳና ከተሞቻችን «መዝናኛ» የሚል ሰሌዳ የሚያመለክተው ምግብ፣ መጠጥና ሙዚቃ ያለበትን ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ «ክርስቲያን መዝናኛ ምን ይሠራል?» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚያ ቤት ነው፤ ወጣቱ የሚሰማው ግን በደስታ ሁሉ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ይነጋገራሉ፤ አይግባቡም።

«ትርፍ ጊዜ» የሚለውም አነጋገር የራሱ ጣጣ አለው። ጊዜን ከወጪ የተረፈ ገንዘብ ያስመስለዋል፤ የተረፈው ደግሞ «ማሳለፊያ» ይፈለግለታል። መጽሐፍ ቅዱስ ዕረፍትን እንዲህ አያውቀውም። ሰንበት ከስድስቱ ቀን የተረፈ አይደለም፤ የታዘዘና የተቀደሰ ነው። በዓላቱም በመከር ወቅት፣ እህልና ወይን ሲገባ፣ ከሎሌው፣ ከመጻተኛው፣ ከድሃ አደጉና ከመበለቲቱ ጋር ደስ እንዲላቸው በሕግ የተሰጡ ናቸው (ዘዳ. 16፥11-14)። ጆሴፍ ፒፐር የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እውነተኛ ዕረፍት መሠረቱ በዓል፣ የበዓልም መሠረት አምልኮ ነው ብሎ የተከራከረው ይህን የመሰለ ነገር አይቶ ነው።

«ጨዋታ» ግን ሀብታም ቃል ነው። ሕፃን ይጫወታል፤ ሽማግሌም ይጫወታል፤ ወሬውም ጨዋታ ነው። ዝም ያለ እንግዳ «ምነው አትጫወትም?» ይባላል። በወሎ ጨዋታ ያለ ቡና አይታሰብም፤ ከአቦል እስከ በረካ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በሙስሊሙ ቤት ከሆነም በዱአ ይመረቃል። ቃሉ ሌላ ሰውን ይጠይቃል፤ ብቻውን ስክሪን ላይ ላፈጠጠ ሰው «እየተጫወተ ነው» ማለት ይከብዳል። ጨዋታን ከ«ጨው» ጋር አያይዞ በጨው እንደ ተቀመመ ንግግር (ቈላ. 4፥6) ሊሰብክበት የሚከጅል ሰባኪ እንደሚኖር እንገምታለን። የድምፅ መመሳሰሉ ያምራል፤ ነገር ግን «ሪክሪኤሽን»ን የከሰስንበት ሕግ እዚህም ይሠራልና እንደ ማስረጃ አንቀበለውም። የጨዋታ ክብር ሰዎች በሚጠቀሙበት መንገድ ይታያል፤ ሥርወ ቃል አያስፈልገውም።

ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ታደሰችው ኢየሩሳሌም ሲናገር አደባባዮችዋ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉ፣ ሽማግሎችም ምርኵዛቸውን ይዘው በዚያ እንደሚቀመጡ ያያል (ዘካ. 8፥4-5)። ከጥፋት በኋላ የሰላም ምልክት ሆኖ የቀረበው የልጆች ጨዋታ ነው። ለዚህ ዐሳብ የውጭ ቃል መዋስ አያስፈልገንም።

«ዘፈን» በመጽሐፍ ቅዱሳችን

ዋናው እንቅፋት ግን ገላትያ 5፥21 ነው። የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት»ን ይቈጥራል። ይህ አንድ ቃል በወንጌላውያን መካከል መዝሙር ያልሆነን ዜማ ሁሉ ለመከልከል በቂ ሆኖ ኖሯል። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ነው። በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን (ሮሜ 13፥13፤ ገላ. 5፥21፤ 1ጴጥ. 4፥3) በሦስቱም ቦታ አጠገቡ ስካር አለ፤ በጴጥሮስ መልእክት ደግሞ ጣዖት ማምለክ ተከትሎት ይመጣል። በግሪክ ከተሞች «ኮሞስ» ከግብዣ በኋላ የሰከሩ ሰዎች በሌሊት ችቦ ይዘው፣ እየጮኹና እየዘፈኑ፣ ብዙ ጊዜም ለዲዮኒሶስ ክብር፣ በመንገድ የሚያደርጉት ፈንጠዝያ ነበር። ጳውሎስ ያወገዘው ይህን ነው።

አሁን ያው የ1954 ትርጉም «ዘፈን» የሚለውን ቃል ሌላ የት እንደ ተጠቀመበት እንይ። ማርያም የሙሴ እኅትና ሴቶቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሲያመሰግኑ በከበሮና በዘፈን ነው (ዘጸ. 15፥20)። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘፍን ነበር (2ሳሙ. 6፥14)። መዝሙር 150 እግዚአብሔር ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ አድርጎ ዘፈንን ይቈጥራል። መክብብ ለመዝፈን ጊዜ እንዳለው ይናገራል (3፥4)። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ ሲመጣ የሰማው የዘፈን ድምፅ ነው (ሉቃ. 15፥25)። ጌታችን ትውልዱን በገበያ በሚጫወቱ ልጆች ሲመስል ልጆቹ ባልንጀሮቻቸውን የሚወቅሱት ዘፈን ባለመዝፈናቸው ነው (ማቴ. 11፥17)። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የዕብራይስጡም የግሪኩም ቃል የሚያመለክተው ጭፈራን፣ በእግር መዝለልን ነው። ይህም የሚገርም አይደለም፤ «ዘፈነ» በግእዝ ጨፈረ ማለት ነውና። የሄሮድያዳ ልጅ «ዘፈነች» ሲባል ሁላችንም የምናየው ጭፈራዋን ነው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። በትርጉሙ ውስጥ በአብዛኛው ጭፈራን ይገልጥ የነበረ ቃል በሦስት ቦታ ለስካር ፈንጠዝያ ተሰጠ። በሌላ በኩል የዛሬው አማርኛ «ዘፈን»ን መዝሙር ላልሆነ ዜማ አዋለው፤ በእኛም ዘንድ «ዘፋኝ» እና «ዘማሪ» ሁለት ዓለም ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ ገላትያ 5ን የሚያነብ ወጣት ጳውሎስ ያላለውን ይሰማል። ደግሞም ክፍፍሉ ራሱ አይጸናም፤ «ብሔራዊ መዝሙር» መዝሙር ይባላል፣ ግን ለእግዚአብሔር አይዘመርም።

ከዚህ ተነሥቶ ጭፈራ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። በወርቅ ጥጃው ፊትም ሕዝቡ ሊዘፍኑ ተነሥተዋል (ዘጸ. 32፥6)፤ የሄሮድስም ግብዣ በዮሐንስ ራስ ተደምድሟል። ከመጠጥ ቤት ሕይወት በጌታ የወጡ ወንድሞችና እኅቶች ምስክርነትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእነርሱ አንድ ዜማ የድሮውን ባርነት ይመልሳል፤ መሸሻቸው ጥበብ ነው። የምንለው ይህን ያህል ነው፤ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም። ማርያምም የጥጃው አምላኪዎችም ዘፍነዋል፤ የሚለያቸው ለማን፣ ከምን ጋርና ወደ ምን የሚለው ነው።

ሶለል በቆቦ

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የልጃገረዶች ወቅት ይገባል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ አምረው ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ይጨፍራሉ፣ ይመርቃሉ፣ ስጦታ ይቀበላሉ። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጎረቤቶቻችን በዓሉ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የተያያዘ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የባህልና የቱሪዝም ሀብት ነው። ለአንዲት የወንጌላውያን ቤተ ሰብ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ጓደኞቿ በሙሉ የሚወጡበት፣ እርስዋ ከመስኮት የምታይበት ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ለእርስዋ ሁለት መልስ አለን። አንዱ «ዘፈን ነው፣ ተዪው» ይላል። ሌላው «ባህል ነው፣ ሪክሪኤሽን ነው፣ ችግር የለውም» ይላል። ሁለቱም በቃል ይዘጋሉ፤ ማንም ነገሩን አላየላትም። የመጀመሪያው በተዛባ ትርጉም ላይ ቆሟል። ሁለተኛው የጎረቤቶቿን እምነት ይንቃል፤ ለእነርሱ ጸሎትና ስእለት ያለበትን በዓል የሽርሽር ያህል ያደርገዋልና።

በዓሉን ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ ስለ እርስዋ አራት ቀን ይወጡ ነበርና (መሳ. 11፥40)። ይህ ትውፊት እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም። ክፍሉ ግን ለእኛ ለመሪዎች የሚናገረው አለው። ልጅቱ አባትዋን ልትቀበል ከበሮ ይዛ በጭፈራ ወጣች፤ ያጠፋት ጭፈራዋ ሳይሆን አባትዋ ሳያስብ ከአፉ ያወጣው ቃል ነው። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻም የሴሎ ልጃገረዶች በዓመታዊው በዓል ሊጨፍሩ ሲወጡ ይጠለፋሉ (21፥19-23)። በደሉ በወይን ቦታው ውስጥ ያደፈጡት ወንዶችና ምክሩን የመከሩት ሽማግሎች ነው። ጠለፋን በምናውቅበት አገር የአንዲት ልጅ ደኅንነት የሚያሳስበን ከሆነ ጥያቄው ማን ያጅባታል፣ መቼ ትመለሳለች፣ መንገድ ላይ ማን አለ የሚል ይሁን። ከበሮዋን መቀማት አድፋጩን አይነካውም።

የጳውሎስ ሦስት ማዕዶች

እንግዲህ በምን እንፍረድ? ጳውሎስ በቆሮንቶስ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት ነበር፤ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም? በ1ቆሮንቶስ 10 የሰጠው መልስ ሥጋውን በሦስት ቦታ ለይቶ ያያል። በጣዖቱ ማዕድ ላይ ከሆነ አይሆንም፤ ኅብረት ነውና። በገበያ ከተሸጠ ሳትጠይቁ ብሉ፤ ምድር የጌታ ናትና። ያላመነ ሰው ቤቱ ከጋበዛችሁ ብሉ፤ የሰው ሕሊና የሚነካ ሲሆን ግን ስለዚያ ሰው ተዉት። ሥጋው ያው ነው፤ የተለወጠው ግንኙነቱ ነው።

ይህን ወደ ቆቦ እናምጣ። ልመናና ስእለት የሚቀርብበት የበዓሉ ክፍል አለ፤ እኛ ጸሎታችንን በክርስቶስ ስም ወደ አብ ብቻ እናቀርባለንና በዚያ ላይ አንሳተፍም፤ ይህንም ስንናገር በትሕትና፣ ጎረቤትን ሳናንቋሽሽ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሹሩባው፣ ቀሚሱ፣ ከበሮው፣ የዜማው ስልት ሁሉ እንደ ገበያው ሥጋ ነው፤ ምድር የጌታ ናት። በከበሮ ላይ ክርክር ካለን በየእሑዱ የምንመታውን ከበሮ ምን ልንለው ነው? ሦስተኛ፣ የጎረቤት ልጆች ደጃችን ሲመጡ በር መዝጋት ምስክርነት አይሆንም። መክፈት፣ መስማት፣ መስጠትና መመረቅ ክርስቲያናዊ እንግዳ ተቀባይነት ነው። ልጃችን ከእነርሱ ጋር መውጣቷን በተመለከተ ደግሞ አንድ ወጥ ዐዋጅ አይበቃም። ወላጆቿና በቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች ከእርስዋ ጋር ተቀምጠው ይመርምሩ፦ ዜማው ማንን ያከብራል? ማንን ያዋርዳል? መጠጥ አለበት ወይ? ደካማ ሕሊና ያለው አዲስ አማኝ ያያል ወይ? የእርስዋስ ሕሊና ምን ይላል? በአንድ መንደር «ውጪ»፣ በሌላው «ዘንድሮ ይቅርብሽ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ልጅቱ ግን ምክንያቱን ታውቃለች።

ማጠቃለያ

ነገሩ በቃላት ላይ የተደረገ ክርክር ብቻ የሚመስለው ካለ የቅርቡን ታሪክ ያስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በቆቦ ከተማ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በቆቦ ዙሪያ ጦርነቱ እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ የልጃገረዶቹ ወቅት ከገባ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከእንዲህ ያለ ዓመት በኋላ በአንድ ሰፈር ከበሮ ሲሰማ «ሪክሪኤሽን» ብሎ መጥራት ነገሩን ያሳንሰዋል፤ «ዘፋኝነት» ብሎ መገሠጽም ሐዘንተኛውን ሁለተኛ ጊዜ ይጐዳል። መክብብ የልቅሶን ጊዜና የመዝፈንን ጊዜ በአንድ ቍጥር ጎን ለጎን አስቀምጧል። እረኛ ሊያውቅ የሚገባው መንጋው በየትኛው ጊዜ ውስጥ እንዳለ ነው።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ወደ ፊት በሚደረጉ የትርጉም ሥራዎች «ኮሞስ» በሦስቱም ቦታ «የስካር ፈንጠዝያ» ወይም ይህን በሚመስል ቃል ይተርጐም፤ እስከዚያው አስተማሪዎች ገላትያ 5፥21ን ሲያነቡ ልዩነቱን ያስረዱ። ሁለተኛ፣ የስብከት መምህራን ተማሪዎቻቸው የእንግሊዝኛ ቃል ሰንጥቀው ትምህርት ሲያወጡ እንደ ግሪኩና እንደ ዕብራይስጡ ሁሉ ያርሟቸው። ሦስተኛ፣ በሶለል፣ በአሸንድዬና በሻደይ አካባቢ የሚያገለግሉ መጋቢዎች ነሐሴ ከመግባቱ በፊት፣ በሐምሌ፣ ከወላጆችና ከልጃገረዶቹ ጋር 1ቆሮንቶስ 8-10ን አብረው ያጥኑ። ከበሮው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ መልስ ብዙውን ጊዜ በችኰላ የሚሰጥ ነው።